በቆላ ተሠርቶ በበረዶ ላይ የሚኖር ሙጫ

በነገሌ ቦረና ከተማ፣ በክብረ መንግሥትና በሻኪሶ፣ በያቤሎና በሜጋ እስከ ሞያሌ ድረስ፣ እንዲሁም ከገናሌና ከዳዋ ወንዞች ወዲህና ወዲያ በሚገኙት መንደሮች ሁሉ ሬዲዮናችሁን ከፍታችሁ የምታዳምጡን ወገኖች፣ የዛሬው ትምህርታችን ስለ ሙጫ ነው። ከርቤና እጣን በሚለቀምበት ምድር ተቀምጦ፣ ልጆች ከግራር ግንድ ላይ ሙጫ እየላጡ ሲያኝኩ በሚያድጉበት አገር፣ ስለ ሙጫ አስተምራለሁ ብሎ መነሣት ድፍረት መስሎ እንዳይታይብኝ እሠጋለሁ፤ ነገር ግን ዛሬ የምነግራችሁ ሙጫ ከዛፍ የማይንጠባጠብ፣ በሰው ልጅ የምርምር ጥበብ የተገኘ፣ ስሙም ኤፖክሲ የሚባል ነው፤ የምነግራችሁም እርሱን እንዴት አድርጎ መምረጥ እንደሚገባ፣ ያውም በበረዶ ላይ ለሚሄደው፣ ስኪ ለሚባለው ዕቃ እንዴት እንደሚመረጥ ነው።

በረዶ ተነጥፎ በማይታይበት ቆላ ስለ በረዶ መንሸራተቻ ማውራት ምን አመጣው የሚል አድማጭ ቢኖር ጥያቄው የተገባ ነውና፣ ነገሩ የተነሣበትን ምክንያት አስቀድሜ ልንገራችሁ። ባለፈው ቦና፣ ማለትም በደረቁ የበጋ ወራት፣ የዚሁ የነገሌ ከተማ ተወላጅ የሆነ፣ ኑሮው ግን በሰሜን አሜሪካ በሚኒሶታ ክፍለ ግዛት የሆነ አንድ ወጣት አጎቱን ሊጠይቅ መጣ። ሚኒሶታ ብዙ የኦሮሞ ተወላጆችና ሌሎችም ኢትዮጵያውያን ተሰደው ሄደው ቤት የሠሩበት፣ ክረምቱ እጅግ የበረታ፣ ብርዱም ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በታች የሚወርድበት አገር ነው። ወጣቱ በዚያ አገር ስኪ መንዳትን ለምዶ፣ በጋራዡ ውስጥ ስኪ በእጃቸው ከሚሠሩ ጓደኞቹም ሥራውን አይቶ፣ የራሱን ጥንድ ግን በአጎቱ እጅና በአገሩ እንጨት ሊያሠራ ተመኝቶ፣ በሻንጣው ውስጥ የብርጭቆ ክር ጨርቅ፣ ለመረገጫው የሚሆን ቀጭን ፕላስቲክና የብረት ጠርዝ ጠቅልሎ አምጥቶ ነበር። አጎቱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በርና መስኮት፣ አልጋና ቁም ሣጥን የሠሩ አናጢ ናቸው፤ ዕቃውን አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ «እንጨቱን ለእኔ ተወው፤ ሙጫውን ግን እኔ ከነጭ ኮላ በቀር አላውቅምና፣ ተነሥ፣ ከሚያውቅ ሰው እንጠይቅ» ብለው ወደ እኔ ይዘውት መጡ። እኔም ለብዙ ዘመን የእንጨት ሥራ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና፣ በዚያ በእርሳቸው ቤት ያየነውንና የተማርነውን ነው ዛሬ ለእናንተ የማካፍላችሁ።

ኢትዮጵያና ስኪ ደግሞ ተያይተው የማያውቁ ባዕዳን አይደሉም። ሮቤል ተክለማርያም የተባለው ኢትዮጵያዊ ስፖርተኛ በ1998 ዓ.ም. በኢጣልያ በቶሪኖ ከተማ፣ እንደ ገናም በ2002 ዓ.ም. በካናዳ በቫንኩቨር ከተማ በተደረጉት የክረምት ኦሎምፒኮች፣ የአገሩ ብቸኛ ተወዳዳሪ ሆኖ ሰንደቅ ዓላማችንን ይዞ ገብቷል፤ በ15 ኪሎ ሜትር የስኪ ሩጫም ተሰልፏል። በአዲስ አበባ ሳለም በረዶ ባያገኝ ጊዜ ተሽከርካሪ ጎማ ባላቸው ስኪዎች በአስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር። ኤፖክሲስ ቢሆን? የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2004 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ከአፍሪካ አየር መንገዶች ሁሉ ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 አውሮፕላን፣ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ የተሠራው ክርና ሙጫ ተዋሕደው ከሚሰጡት ጽኑ አካል ሲሆን፣ ከዚህም የሚበዛው የካርቦን ክርና የኤፖክሲ ሥራ ነው። ስለዚህ በላያችን በሰማይ ሲያልፍ የምናየው ነገርና በአናጢው ቤት ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋው ነገር፣ በመዓርግ ቢራራቁም በባሕርይ ዘመዳሞች ናቸው።

የሥራውን ምሥጢር ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም። ቤት ሲመረግ አይታችኋል። ጭቃ ብቻውን ቢለጠፍ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ጭድ ብቻውን ቢከመር ነፋስ ይወስደዋል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ተቦክተው ሲለጠፉ ግን ጭዱ የሚስበውን ኃይል ሲችል፣ ጭቃው ደግሞ ጭዱን በየቦታው አጽንቶ ይይዘዋልና፣ ግድግዳው ለብዙ ክረምት ይቆማል። ስኪም እንዲሁ ነው። ከታች በበረዶው ላይ የሚሄደው ፖሊኢቲሊን የሚባል ፕላስቲክ አለ፤ በጠርዙ ቀጭን ብረት ይከበዋል፤ በላዩ የብርጭቆ ክር ጨርቅ፣ ከዚያ በላይ መካከሉ ወፍሮ ጫፍና ጫፉ የሳሳ የእንጨት ልብ፣ ከዚያም ሌላ የብርጭቆ ጨርቅ፣ በመጨረሻም መሸፈኛው ይነጠፋል። እነዚህን ሁሉ የሚያስተሳስራቸው፣ ለብርጭቆውም ክር እንደ ምርጉ ጭቃ የሚሆንለት፣ ኤፖክሲው ነው። ስኖውቦርድ የሚባለው ደግሞ ሁለቱ እግሮች በአንድ ሰፊ ሳንቃ ላይ የሚቆሙበት የስኪ ታናሽ ወንድም ሲሆን፣ መነሻውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. ሸርማን ፖፐን የተባለ አሜሪካዊ ለሴቶች ልጆቹ መጫወቻ ብሎ ሁለት ስኪዎችን ጎን ለጎን ያያያዘበት ብልሃት ነው፤ የሙጫው ነገር ለሁለቱም አንድ ስለሆነ ከእንግዲህ ስኪ ብቻ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ኤፖክሲ ከመገኘቱ በፊት የሰሜን አውሮፓ ሰዎች ስኪን ከአንድ ወጥ እንጨት እየጠረቡ፣ ውኃ እንዳያጠጣው ከጥድ መሰል ዛፎች የሚነጠረውን ቅጥራን ይቀቡት ነበር፤ ኖኅም መርከቡን በቅጥራን እንደ ለቀለቀ በኦሪት እንደ ተጻፈ መሆኑ ነው። ነገሩን የለወጠው ሃዋርድ ሄድ የተባለ አሜሪካዊ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር። እርሱም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ በአሉሚኒየም ሁለት ገጾች መካከል እንጨት እያስገባ፣ በአውሮፕላን ሙጫ እያጣበቀ፣ ሙጫውንም ለማብሰል ከሞተር የወጣ አሮጌ ዘይት እያፈላ በዚያ ውስጥ እየነከረ ስኪ ይሠራ ጀመር። የመጀመሪያዎቹ ጥንዶች በበረዶ ላይ ሲሞከሩ ተሰበሩ። የተሰበረውን እየመረመረ፣ እንደ ገና እየሠራ፣ እንደ ገና እያሰበረ ሦስት ዓመት ያህል ደክሞ በ1950 ስሙን ያስጠራው ስኪ ለገበያ በቃ። ይህን የምተርከው ለታሪኩ ጣዕም ብቻ አይደለም፤ የተሰበረ ዕቃ ምን እንደሚያስተምር በኋላ በራሳችን ሥራ እንመለስበታለንና ነው።

እንግዲህ ወደ ኤፖክሲው ባሕርይ እንግባ። ፒየር ካስታን የተባለ የስዊስ ኬሚስት ለሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሆን ጽኑ ነገር ሲፈልግ፣ ሲልቫን ግሪንሊ የተባለ አሜሪካዊም ለቀለም የሚሆን ሲፈልግ፣ አንዱ ከሌላው ተለይቶ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ዓመታት የደረሱበት ነገር ነው። ኤፖክሲ ሁል ጊዜ በሁለት ዕቃ ይመጣል፤ አንዱ ሬዚን ሁለተኛውም ማጠንከሪያ ይባላል። በሬዚኑ ውስጥ እያንዳንዱ ቅንጣት በጫፍና ጫፉ፣ ሁለት ካርቦንና አንድ ኦክሲጅን ተያይዘው የሠሩት፣ ሦስት ማዕዘን ያለው ትንሽ ቀለበት አለው፤ ይህም ቀለበት እንደ ተለጠጠ ደጋን ተወጥሮ የሚኖር ነውና፣ ማጠንከሪያው ሲነካው ይፈታል፤ ተፈትቶም ከማጠንከሪያው ጋር ይጋጠማል፤ በተፈታም ጊዜ ሙቀት ይሰጣል። እንዲህ እያለ ሚሊዮንና ሚሊዮን ቅንጣት እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ መረብ አንድ አካል ይሆናል። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንቶቻችን በትምህርታቸው ቱሳሔና ውላጤ ብለው የሚለዩአቸው ሁለት ቃላት እዚህ ላይ ይጠቅሙናል። ወተትና ውኃ ቢደባለቁ ቱሳሔ ነው፤ ሁለቱም በዚያው አሉ። ሬዚንና ማጠንከሪያ ግን በመጀመሪያ ይቀላቀላሉ፣ ቀጥሎም ሁለቱም የቀድሞ ባሕርያቸውን ትተው ወደ ሦስተኛ ነገር ይለወጣሉ፤ ይህ ውላጤ ነው። ስለዚህም እጣን በፍም ላይ ሲደረግ እንደሚለሰልስ፣ የግራር ሙጫም በውኃ እንደሚሟሟ ሳይሆን፣ ኤፖክሲ አንዴ ከጸና በኋላ ተመልሶ አይቀልጥም፣ አይሟሟም፤ የተቀቀለ ዕንቁላል ተመልሶ እንደማይፈስ ነው። ስሕተት ከተሠራ ማረሚያ የለውም ማለት ነውና፣ ምርጫው አስቀድሞ መደረግ አለበት።

ወጣቱ ከመርካቶ ሦስት ዓይነት ሙጫ ይዞ መጥቶ ነበር፤ ሦስቱንም በአጎቱ ጠረጴዛ ላይ ደርድረን አንድ በአንድ መረመርናቸው።

የመጀመሪያው በቆርቆሮ የተሞላው፣ ሽታው ራስ የሚያዞረው፣ የመኪና አካል ጠጋኞች የሚሠሩበት ፖሊስተር ነበር። ዋጋው ከሁሉም የረከሰ ነው፤ ለውኃ ጋንና ለመኪና መከላከያ ብዙ አገልግሏል። ለእንጨት ግን ወዳጅነቱ ልል ነው፤ ሲደርቅም ከመቶ 5 እስከ 8 እጅ ያህል ይኮማተራል፤ ኤፖክሲ የሚኮማተረው ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ስኪ ዘወትር የሚታጠፍና የሚቃና ዕቃ በመሆኑ፣ ከልቡ እንጨት ጋር የተኮራረፈ ሙጫ ጥቂት ቀን ሳይቆይ ይላቀቃል። በዚህ ላይ አንድ ልብ ልትሉት የሚገባ ልዩነት አለ፤ ይኸውም ፖሊስተር ላይ የሚጨመረው ጥቂት ጠብታ እንደ እርሾ ነው፤ ቢያንስ ቀስ ይላል፣ ቢበዛ ይፈጥናል፣ ሊጡ ግን ያው ሊጥ ነው። የኤፖክሲ ማጠንከሪያ ግን እርሾ ሳይሆን እንደ ተጋቢ ነው፤ ለእያንዳንዱ የሬዚን ቅንጣት የራሱ ጓደኛ ተመድቦለታል። ቶሎ ይድረቅልኝ ብሎ ማጠንከሪያ የሚያበዛ ሰው፣ ጓደኛ ያላገኙትን ቅንጣቶች በሙጫው ውስጥ ተቅበዝባዥ አድርጎ ይተዋቸዋል፤ ሙጫውም ለዘለዓለም እንደ ለሰለሰ ወይም እንደ ተሰባበረ ይቀራል። ብዙ ጥሩ ባለሙያዎች በፖሊስተር ልማድ ኤፖክሲን ሲያበላሹ በዐይኔ አይቻለሁ፤ እጅግም ያሳዝነኛል፤ ጥፋቱ የእጃቸው ሳይሆን ማንም ሳይነግራቸው የቀረ የአንዲት ቃል ጉድለት ነውና።

ሁለተኛው በሁለት ትንንሽ ቱቦ የሚሸጠው፣ በ5 ደቂቃ የሚጠነክረው ኤፖክሲ ነበር። የተሰበረ የሲኒ ጆሮ ለመቀጠል መልካም ነው። ስኪ ግን ከመጀመሪያው ጨርቅ እስከ መጨረሻው ሞርሳ ድረስ ሠላሳ ደቂቃ ወይም አንድ ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ስለሆነ፣ በእርሱ መሥራት አይታሰብም።

ሦስተኛው የሁላችንንም ዐይን የሳበው፣ እንደ ምንጭ ውኃ የጠራው፣ በጠረጴዛ ላይ እየፈሰሰ እንደ መስተዋት የሚያበራው ኤፖክሲ ነበር። ወጣቱ ለእርሱ ልቡ አድልቶ ነበር፤ እኔም ሸማኔ የሠራውን ጥበብ በማየት ብቻ እንደሚገዛ ሰው እንዳይሆን ነገርኩት። ለጠረጴዛ የሚፈሰው ዓይነት በወፍራሙ ሲፈስ እንዳይቃጠል ተብሎ እጅግ እንዲዘገይ የተሠራ ነው፤ በብርጭቆ ጨርቅ ላይ በሥሡ ሲነጠፍ በብዙ ቀን ካልሆነ አይጸናም፤ ከጸናም በኋላ ብዙውን ጊዜ እንደ መስተዋት የሚያምረውን ያህል እንደ መስተዋት ይሰበራል። እኛ የምንፈልገው ጨርቅ ለማንጠፍ፣ ለጀልባና ለመሰል ሥራ ተብሎ የተዘጋጀውን፣ ላሚኔቲንግ የሚባለውን ኤፖክሲ ነበር። መልኩ ቢጫ ቢሆንም አይከፋም። ወጣቱ ደጋግሞ ስልክ ደውሎ፣ ፈልጎ አስፈልጎ፣ አንድ ሬዚንና ሁለት ዓይነት ማጠንከሪያ፣ ፈጣኑንና ዘገምተኛውን፣ ከአዲስ አበባ አስመጣ።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። የዚህ ሙጫ ምርጫ በአንድ አገር ሙቀት አይወሰንም፤ በሁለት አገር ሙቀት እንጂ፤ በሚሠራበትና በሚኖርበት። የእኛ ስኪ በነገሌ ተወልዶ በሚኒሶታ ሊኖር ነው።

በሚሠራበት እንጀምር። በዕቃው ላይ የሥራ ጊዜ 40 ደቂቃ ተብሎ ቢጻፍ፣ ይህ ብዙውን ጊዜ በ25 ዲግሪ ሙቀት የተለካ ነው። ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ያ ጊዜ በግማሽ ያህል ያጥራል፤ እንግዲህ በቦና ወራት በቀትር፣ ቆርቆሮ ጣራው በሚንቀለቀልበት ቤት ውስጥ፣ 35 ዲግሪ በሆነ አየር ያው 40 ደቂቃ ወደ 20 ይወርዳል። በወጣትነቴ ይህን ሳላውቅ፣ በየካቲት ወር በቀትር ግማሽ ኪሎ ያህል ኤፖክሲ በጥልቅ ጣሳ ቀላቅዬ፣ ብሩሽ ላመጣ ወጥቼ ስመለስ፣ ጣሳው ለእጅ እንዳይነካ ግሎ፣ ሽታው የከረፋ ነጭ ጢስ እያጤሰ፣ ሙጫውም እንደ ድንጋይ ደርቆ ቆየኝ። ሙጫው ሲጸና ሙቀት ይሰጣል፤ በጥልቅ ዕቃ ከተከማቸ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ መውጫ ያጣ ሙቀት ደግሞ ሙጫውን ያፈጥናል፤ የፈጠነ ሙጫ የባሰ ሙቀት ይሰጣል። ስለዚህ በጥቂት በጥቂቱ መቀላቀል፣ የተቀላቀለውንም ወዲያው ሰፋ ባለ ዝርግ ሳሕን ላይ ማፍሰስ ያስፈልጋል፤ የተረፈውን የጋለ ጣሳ ደግሞ ሰጋቱራ ወዳለበት መጣል ቤት ማቃጠል ነውና፣ በደጅ በባዶ መሬት ላይ ይቀመጥ።

የቦረና ሰው ዓመቱን በአራት ከፍሎ ይቈጥራል፤ ይህ አቈጣጠር ለሙጫ ምርጫ ከማንኛውም የፋብሪካ ሠንጠረዥ ይልቅ ይረዳል ብዬ አምናለሁ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው በቦና ዘገምተኛው ማጠንከሪያ ይመረጣል፤ ሥራውም በማለዳ ይሁን። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው፣ ደመናውና ቅዝቃዜው በሚበዛበት በአዶሌሳ ፈጣኑን መጠቀም ይቻላል። በዝናቡ ወራት፣ በጋናና በሀገያ፣ ፍርሃቱ ሙቀቱ ሳይሆን እርጥበቱ ነው፤ አየሩ ሲረጥብ ማጠንከሪያው ከአየሩ እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተጋጥሞ በሙጫው ገጽ ላይ ሰም የመሰለ ልስልስ ነገር ይተዋል፤ ይህ ሳይታጠብ ሌላ ንጣፍ ቢደረብበት አይያያዝም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ለብ ባለ ውኃ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ከዚያም በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ።

ከሙቀቱ ቀጥሎ የሚታየው የሙጫው ውፍረት ነው። ማር የመሰለ ወፍራም ሙጫ በብርጭቆ ክር መካከል አይሰርግም፤ ያልጠጣው ክር ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ያም ሥፍራ ነገ የሚሰበርበት ሥፍራ ነው። እንደ ውኃ የቀጠነ ደግሞ ሞርሳው ሲጠብቅ በጎን ሁሉ ፈስሶ ያልቃል፣ ጨርቁም ይራባል። መካከለኛው፣ እንደ ምግብ ዘይት ትንሽ ወፈር ያለው ይመረጣል። ለአንድ ጥንድ ስኪ ከአንድ ኪሎ ብዙ የማይርቅ በቂ ነው።

አሁን ወደሚኖርበት አገር እንሻገር። በብርድ ውስጥ ሙጫ ሁሉ ይደነድናል፣ የደነደነም ይሰባበራል። ስለዚህ ለስኪ ከጥንካሬው ቁጥር ይልቅ የመለጠጡን ቁጥር መመልከት ይገባል፤ ሻጩ በሚሰጠው ወረቀት ላይ ሙጫው ሳይበጠስ ከመቶ ስንት እጅ እንደሚለጠጥ ተጽፎ ይገኛል። ከመቶ 2 እጅ ብቻ የሚለጠጠው ለቤት ወለል ይሁን፤ ከ4 እና ከ5 እጅ በላይ የሚለጠጠው ለስኪ ይመረጥ። ከሁሉ የበለጠ ጠንካራ የሚል ጽሑፍ ያለበትን መግዛት ሰው ሁሉ የሚወድቅበት ወጥመድ ነው፤ ወይራ ከቀርከሃ ይጠነክራል፣ ደጋን የሚሆነው ግን የትኛው ነው?

የሙቀቱም ነገር ገና አላለቀም። በክፍል ሙቀት የጸና ኤፖክሲ ወደ 50 ወይም 60 ዲግሪ ሲደርስ ባሕርዩ ይለዝባል፤ ጥቁር ስኪ በቆላ ፀሐይ በመኪና ጣራ ላይ ቢታሰር ወደዚያ ሙቀት መድረሱ አይቀርም፣ ይጣመማልም። ይህን የሚከለክለው ሙጫው ከጸና በኋላ እንደ ገና ለጥቂት ሰዓት ለብ አድርጎ ማብሰል ነው። አውሮፕላን ሠሪዎች ለዚህ ታላላቅ ምድጃ አላቸው፤ እኛ ምን አለን? ፀሐይ አለን። አጎቱ ከኮምፔንሳቶ አንድ ረጅም ሣጥን ሠርተው፣ በውስጡ ጥቁር ቀለም ቀብተው፣ ላዩን በመስተዋት ከደኑት፤ ስኪውን ከታሠረበት ቅርጽ ጋር አስተኝተን በቴርሞሜትር ስናየው ከረፋዱ ጀምሮ ከ60 ዲግሪ አለፈ፤ እንዳይበዛበትም ክዳኑን እየገለጥን አቆየነው። የሚኒሶታ ጋራዥ በኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ የሚፈልገውን ሙቀት፣ የቦና ፀሐይ ያለ ዋጋ ሰጠን።

ስለ እንጨቱ በአጭሩ ልናገር። በነገሌና በአሬሮ በኩል ያለው ጥድ መልካም እንጨት ነው፤ ነገር ግን በራሱ ዘይትና ሙጫ የተሞላ፣ ሲታጠፍም ቶሎ የሚሰነጠቅ ስለሆነ ለስኪ ልብ አልመረጥነውም። በምትኩ ከሲዳማ ደጋ የመጣ ቀርከሃ ሰንጥቀን፣ በመላጊያ አስተካክለን፣ ጎን ለጎን አጣበቅነው። ቀርከሃ የሚንሸራተት ቆዳ ስላለው ቆዳው ተገፎ መነሣት አለበት፤ በደንብም መድረቅ አለበት። የመረገጫው ፕላስቲክ ደግሞ በተፈጥሮው ሙጫ የማይቀበል ነው፤ ፋብሪካው አንደኛውን ገጽ በእሳት ነበልባል ዳስሶና ፍቆ ካላዘጋጀው በቀር የትኛውም ኤፖክሲ አይይዘውም፤ ሲገዛ ይህ መጠየቅ አለበት። በብረቱ ጠርዝና በብርጭቆው መካከልም ቀጭን የጎማ ጥብጣብ ይገባል፤ ብረትና ብርጭቆ በብርድ እኩል አይኮማተሩምና ጎማው ያስታርቃቸዋል።

የመለኪያውን ነገር በተመለከተ የአገሩ ጥበብ ደረሰልን። ሬዚንና ማጠንከሪያ በዐይን ግምት አይለካም፤ የእኛ ዕቃ ለ100 ግራም ሬዚን 30 ግራም ማጠንከሪያ ይል ነበርና፣ ከሻኪሶና ከክብረ መንግሥት የሚመጣውን ወርቅ የሚመዝን አንድ አንጥረኛ ጎረቤት ሚዛኑን አዋሰን። ወርቅ የመዘነ ሚዛን ለሙጫ አይበዛበትም። ቀላቅለንም ሦስት ደቂቃ ያህል የዕቃውን ጎንና ታች እየጠረግን አማሰልነው።

ጤናን የሚመለከተውን ደግሞ እለምናችኋለሁ፣ በልባችሁ ያዙት። ያልጸና ኤፖክሲ ቆዳ ላይ ደጋግሞ ከነካ አካሉ ይቈጣዋል፤ አንዴ የተቈጣ አካል ደግሞ ዕድሜ ልኩን ያን ሙጫ አይቀበልም፤ እጅ ያብጣል፣ ፊት ያሳክካል፣ ሰውየውም ከሙያው ይለያል። ጓንት ይደረግ፤ የነካ ቆዳ በሳሙናና በውኃ ይታጠብ እንጂ በቀለም ማቅጠኛ አይታጠብ፣ ማቅጠኛው ሙጫውን ወደ ቆዳ ውስጥ ይዞት ይገባልና። የጸናው ሲፈተግም የብርጭቆው ብናኝ ወደ ሳንባ እንዳይገባ አፍና አፍንጫ ይሸፈን። ሕፃናት ከቤቱ ይራቁ።

ዋናውን ስኪ ከመሥራታችን በፊት ግን የሃዋርድ ሄድን ትምህርት አልረሳንም። ከዚያው ቀርከሃ፣ ከዚያው ጨርቅ፣ በሁለቱም ማጠንከሪያዎች አንድ ክንድ የሚያህሉ ቁርጥራጮች ሠራን፤ ጸንተው በፀሐዩ ሣጥን ከበሰሉ በኋላ፣ በአንድ ሱቅ የሥጋ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሌሊቱን አሳደርናቸው፤ ባለ ሱቁም ሳቀ፣ ነገር ግን ፈቀደልን። ጠዋት እያወጣን ወዲያው በሁለት ድንጋይ መካከል አጋድመን በእግራችን ጫንናቸው። በፈጣኑ ማጠንከሪያ የተሠራው ቁራጭ ጯ ብሎ ተላቀቀ፤ የተላቀቀውም ገጽ እንደ ብርጭቆ ለስልሶ፣ የእንጨት ስንጥር አንድም አልያዘም፤ ጨርቁና እንጨቱ ሳይጠጡት ሙጫው ቀድሞ እንደ ጸና ከዚያ ዐወቅን። በዘገምተኛው የተሠራው ብዙ ታጠፈ፤ በመጨረሻ ሲሰበርም የተሰበረው ሙጫው ሳይሆን ቀርከሃው ነበር፤ ስንጥሮቹ ከሙጫው ጋር እንደ ተጣበቁ ቀሩ። አናጢው ቁራጩን አንሥተው በጣታቸው እየዳሰሱ፣ «እንግዲህ ይህ ሙጫ ከእንጨቱ በልጧል፤ ከዚህ በላይ አንጠይቀውም» አሉ።

ስኪው በሁለት ማለዳ ተሠራ። ወጣቱ በየካቲት መጨረሻ ይዞት ሄደ። በመጋቢት ወር፣ በረዶው ገና ሳይቀልጥ፣ ከሚኒሶታ ስልክ ደወለ፤ እኔም በአናጢው ቤት ነበርኩ። አጎቱ ስለ በረዶውም ስለ ፍጥነቱም አልጠየቁትም።

«ጫፉ ላይ ተላቋል ወይ?» አሉት።

«የለም፣ ጋሼ፤ ሰባት ቀን ነዳሁት፣ አልተላቀቀም። የግራው ብቻ ድንጋይ ነክቶት ከታች ተጭሯል።»

«ጭረቱ ጨርቁ ጋ ደርሷል?»

«አልደረሰም።»

«እንኪያስ ደግ ነው» ብለው ስልኩን ለእኔ አቀበሉኝና፣ በደጅ የተከመረውን የሁለተኛውን ጥንድ ቀርከሃ ለመሰንጠቅ ወጡ።